ጎርፍ በሳፋ ውስጥ
(ስለ ፊልም ልዩ ዘዴዎች አጭር ትምህርት)

ፊልም የሚያይ ሰው ድልድይ ሲናድ፣ ከተማ በውኃ ሲዋጥ እያየ «ኧረ ይኼን እንዴት አነሡት?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። ነገ ተማሪዎቻችንም ይጠይቁናልና ዕጩ መምህራን መልሱን አስቀድመን ብናውቅ ይበጃል።

ምሳሌውን ሩቅ አንሂድ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀው እንደነበር ይታወሳል። አንድ የፊልም ሠሪ ያን ታሪክ ላሳይ ቢል ሰውና ከብት ሙላት ውስጥ ሊከት አይችልም። ታዲያ ምን ያደርጋል?

1ኛ/ ዓይን እንዴት ይታለላል?

ፊልም ማለት ተከታትለው የሚያልፉ የቆሙ ፎቶግራፎች ናቸው። በተለመደው ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ፎቶግራፍ ያልፋል። አንዱን ከሌላው አገናኝቶ እንቅስቃሴ የሚያደርገው የእኛው አእምሮ ነው። የመድረክ ምትሃተኛ የነበረው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ ይህን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1896 አንዲት ሴት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀረጸ፤ ካሜራውን አቆመ፤ ሴትዮዋ ተነሥታ ሄደች፤ ቀረጻውን ቀጠለ። ለተመልካቹ ግን ሴትዮዋ ብን ብላ ጠፋች!

2ኛ/ ትንሹን ማግዘፍ

የኛ ፊልም ሠሪ 4 ሜትር ከፍታ ያለውን ቤት በ25 ሳንቲ ሜትር ሞዴል ይሠራዋል። ይኸውም 16 ጊዜ ማሳነስ ነው። ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ውኃ ይለቅበታል። ነገር ግን ዝም ብሎ ቢቀርጸው ተመልካቹ «ይኼማ መጫወቻ ነው» ይላል። ለምን?

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ከ4 ሜትር የወደቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 0.9 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከ25 ሳንቲ ሜትር የወደቀው ግን 0.23 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከፍታው 16 ጊዜ ሲያንስ ጊዜው 4 ጊዜ ያንሳል፤ 4 የ16 ካሬ ሩት ነውና። ስለዚህ በሰከንድ 24 መሆኑ ቀርቶ 96 ፎቶግራፍ አንሥቶ በ24 ያሳየዋል። ያን ጊዜ የሳፋው ውኃ ተንከባሎ እንደሚመጣ ሙላት ከባድ መስሎ ይታያል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ቤቱን ማሳነስ ይቻላል፤ የውኃን ጠብታ ማሳነስ ግን አይቻልም። ከትንሿ ጣራ ላይ ትልቅ ጠብታ ሲንጠለጠል ምስጢሩ ይወጣል። ስለዚህም ውኃ ያለበት ሞዴል በተቻለ መጠን ትልቅ እንዲሆን ይደረጋል። በዘመናችን ደግሞ ኮምፒዩተር ውኃውን እያሰላ ይሥለዋል።

3ኛ/ መምህር ከዚህ ምን ያገኛል?

ልዩ ዘዴ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ዋና ተዋናይ አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። አሻንጉሊቷን የሚያናግራት እጅ አይታይም፤ ልጆቹ ግን ፊደልና ንጽሕና ይማሩባታል።

እኛም በእጃችን ካለው እንጀምር። በአሮጌ ደብተር ጠርዝ ላይ በ24 ገጽ፣ በየገጹ ትንሽ ወደፊት እያስኬድን የደንገል ታንኳ እንሣልና ገጾቹን በአውራ ጣት ፈጠን አድርገን እንልቀቃቸው። ታንኳዋ ትቀዝፋለች! ቀስ አድርጎ የሚያሳይ ስልክ የተገኘ እንደሆነም የሳፋውን ጎርፍ መሞከር ነው።

4ኛ/ ጥንቃቄ

ለተረት የተሠራ ጎርፍ ጥበብ ነው። ያንኑ «ትናንት የደረሰ ነው» ብሎ ማሳየት ግን ውሸት ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ምስል በየስልኩ ይዞራል። ይሁን እንጂ ተማሪውን «የምታየው ሁሉ ተንኮል ነው» ብለን ብናስተምረው ሌላ ጥፋት እናመጣለን። አንድ ቀን ወንዙ በእርግጥ ሞልቶ የማስጠንቀቂያ ምስል ሲመጣ «እሱም በሳፋ የተሠራ ነው» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። በእርሻ ሜዳና በወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ እናስለምደው፦ ማን አነሣው? መቼና የት? አካባቢውን የሚያውቅ ሰውስ ምን ይላል? ዘዴውን ያወቀ ልጅ ሐሰቱን ይለያል፤ እውነት ሲመጣም ከመንገድ አይዘገይም።