አንድ ፍሪጅ፣ ሦስት ገበያ፣ ሁለት ቀብድ

ያገለገለ ዕቃ ንግድ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ይሰበስባል፤ ምናለሽ ተራ ያድሳል፤ ደላላው ገዢና ሻጭ ያገናኛል። ባለፉት ዓመታት የተለወጠው ዕቃው ሳይሆን የሚታይበት ቦታ ነው። ቀድሞ በሱቅ ደጃፍ ይደረደር የነበረው ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ሶፋ ዛሬ ፎቶው በጂጂ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ቡድኖች ላይ ይወጣል። ብዙ ነጋዴም ያንኑ አንድ ዕቃ በአንድ ቀን ሦስቱም ቦታ ያወጣዋል።

ብልሃቱ መልካም ነው። ብዙ ዓይን ያየው ዕቃ ቶሎ ይሸጣል፤ ገንዘብም ታስሮ አይቆይም። ይሁን እንጂ አዲስ ፍሪጅ የሚሸጥ አስመጪ አንዱ ቢሸጥበት ሌላ ከመጋዘን ያወጣል። ያገለገለው ግን ያው አንዱ ነው፤ ምትክ የለውም። በሦስት ገበያ የወጣ አንድ ዕቃ በአንድ ቀን ሦስት ገዢ ሊመጣበት ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወቂያ ሌላ፣ ቀብድ ሌላ

በ1952 ዓ.ም. በወጣውና ዛሬም በሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1687 መሠረት፣ የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ወይም ዕቃን ለሕዝብ ማሳየት ብቻውን ውል ለመዋዋል እንደቀረበ ሐሳብ አይቆጠርም። ስለዚህ አንዱን ዕቃ በሦስት ቦታ ማስተዋወቅ በራሱ ሻጩን ለዕዳ አይዳርገውም።

ቀብድ ሲቀበል ግን ነገሩ ይለወጣል። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለ ወገን ግን ከውሉ ልውጣ ቢል የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቀብድ በደቂቃ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ሻጩ ሳያስበው ከሁለት ሰው የሚቀበልበት አጋጣሚ ሰፍቷል።

ሂሳቡ

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ነጋዴ ያገለገለ ፍሪጅ በ22,000 ብር ገዛ እንበል። ለማጓጓዣ 1,000፣ ለጥገናና ለጽዳት 1,500፣ ለሚከፈልበት ማስታወቂያ 500 ብር ቢያወጣ፣ ዕቃው የቆመበት 25,000 ብር ነው። ከዚህ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው። ገዢ ያመጣ ደላላ 1,000 ብር የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ ወለሉ 26,000 ይሆናል።

አንድ ገዢ በጂጂ አይቶ በ27,000 ብር ተስማምቶ 3,000 ብር ቀብድ ላከ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላው በቴሌግራም አይቶ 28,000 እከፍላለሁ አለ። ነጋዴው 1,000 ብር አተርፋለሁ ብሎ ለሁለተኛው ቢሸጥ፣ ለመጀመሪያው የሚመልሰው 6,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 3,000 የሰውየው የራሱ ገንዘብ ሲሆን፣ ቀሪው 3,000 ከነጋዴው ኪስ ይወጣል። 1,000 ብር ጨምሬ እሸጣለሁ ያለ ነጋዴ 2,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሥርዓት ማበጀት

ከዚህ ለመዳን የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተገዛበት ዋጋ፣ ወጪው፣ ወለሉና ማስታወቂያው የወጣባቸው ቦታዎች ይመዘገባሉ። ቁጥሩ በማስታወቂያው ላይም ይጻፋል። ገዢ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው የዕቃውን ቁጥር ነው።

ይህ በተለይ ለቴሌግራም ይጠቅማል። ሻጩ በቻናሉ ላይ «ተሸጧል» ብሎ ቢያርም፣ አስቀድሞ ወደ ሌሎች ቻናሎች የተላለፈው ቅጂ አይታረምም። ዕቃው ከተሸጠ ከሳምንታት በኋላም ስልክ ሊጮኽ ይችላል። ቁጥሩ ካለ መልሱ በአፍታ ይገኛል።

የሚጠየቀው ዋጋ በሁሉም ቦታ አንድ መሆን አለበት። ገዢው ሦስቱንም ገበያ በአንድ ስልክ ያያልና፣ ዋጋው ከተለያየ ዝቅተኛውን ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ በሻጩ ደብተር ውስጥ በወለሉ ላይ ይቀመጥ።

ቀብድ የሚቀበል ሻጭ መጠኑን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ያኑር፤ አጭር የስልክ መልእክትም ቢሆን ከቃል ይሻላል። ቀብዱ እንደገባም ሌላ ሥራ ሳይጀምር በሦስቱም ቦታ «ቀብድ ተይዟል» ብሎ ይጻፍ። በኋላ የመጣውን ገዢ ስልኩን መዝግቦ፣ የመጀመሪያው በቀኑ ካልቀረበ እንደሚደወልለት መንገር ይበቃል።

የዕቃው ምንጭና ጉድለት

ገበያው ሲበዛ የሚያየውም ይበዛል። የተሰረቀ ዕቃ በሦስት ቦታ ሲወጣ ባለቤቱ የሚያየው ዕድል ይጨምራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት ሲገባው የሚገዛንና የሚሸጥን ይቀጣል። ስለዚህ ከማን እንደተገዛ የሚያሳይ ፊርማ ያለበት ወረቀት መያዝ፣ ለሞባይል ስልክ ደግሞ *#06# ተደውሎ የሚወጣውን መለያ ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ጉድለትም አይደበቅ። አውቆ የሸሸገ ሻጭ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» በማለት ከኃላፊነት አያመልጥም። የተቧጨረው በር በፎቶ ቢታይ ሻጩ ምናልባት 500 ብር ይቀንስ ይሆናል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ቢያገኘው ግን ፍሪጁ ከነማጓጓዣ ሂሳቡ ይመለሳል።

በሦስት ገበያ መሸጥ ትርፍ የሚሆነው ደብተሩ አንድ፣ ቃሉም አንድ የሆነ እንደሆነ ነው።