ለልብ ወለድ ድርሰት አርታኢን ስለ መፈለግና ስለ መዋዋል

በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ተራዎች አንዱ በሆነው በበርበሬ በረንዳ፣ የማረቆው፣ የአላባውና የቡሬው ዛላ በጆንያ ተከምሮ በሚሸጥበት፣ ብናኙም ነጋዴውንና ሸማቹን እኩል በሚያስነጥስበት ስፍራ፣ ቀን ከሚዛን አጠገብ ውሎ ሌሊት ልብ ወለድ የሚደርስ ወጣት ቢኖር፣ ድርሰቱን ፈጽሞ ወደ ማተሚያ ቤት ለመሄድ በተነሣ ጊዜ፣ በእርሱና በማተሚያው መካከል አንድ ሌላ ሰው መቆም እንዳለበት የሚነግረው እምብዛም አያገኝም። ያ ሰው አርታኢው ነው። ይህም ጽሑፍ አርታኢው እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚፈተንና በምን ዓይነት ውል እንደሚታሰር በተራ ለማስረዳት የተሰናዳ ነው።

በቀድሞው ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር ለማለት ባያስደፍርም፣ የሚኬድበት ደጅ ግን የታወቀ ነበር። በደርግ ጊዜ ረቂቁን ይዞ ወደ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚገባውን ደራሲ፣ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ብልሃት መጽሐፍ እንዳበረከቱት እንደ አቶ አማረ ማሞ ያሉ ሰዎች በአርታኢነት ተቀምጠው ይቀበሉት ነበር፤ ምንም እንኳ በዚያው ድርጅት በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ከገበያ መሰብሰቡ፣ ከአርታኢው በላይ የሚመለከት ሌላ ዐይን እንደ ነበረ ቢመሰክርም። ዛሬ ግን አብዛኛው ደራሲ የገዛ መጽሐፉ አሳታሚ ራሱ ስለ ሆነ፣ አርታኢውንም ፈልጎ የሚያመጣው፣ ዋጋውንም ከኪሱ የሚከፍለው እርሱው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር ሰው ፍለጋ መውጣት ሳይሆን፣ ድርሰቱን ለጥቂት ሳምንታት ከድኖ አስቀምጦ፣ ኋላም እንደ ባዕድ ሆኖ በማንበብ፣ የጎደለው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ሦስት ዓይነት የአርታኢ ሥራ አለና፦ አንዱ የታሪኩን አወቃቀር፣ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይና የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል የሚመረምር፣ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገሩን፣ ሥርዓተ ነጥቡንና የቃላቱን አገባብ የሚያቀና፣ ሦስተኛው ገጹ ከተቀናበረ በኋላ የፊደል ግድፈት የሚለቅም የማረሚያ ንባብ ነው። ይህን ሳይለዩ «አርምልኝ» ብሎ የሚሰጥ ሰው፣ ታሪኩ የተናጋበትን ድርሰት ነጠላ ሰረዙ ብቻ ተስተካክሎለት ቢቀበል ሊደነቅ አይገባውም።

ቀጥሎ ሰውየውን መፈለግ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ፣ ደራሲው የወደዳቸውን የቅርብ ጊዜ ልብ ወለዶች መቅድምና የምስጋና ገጽ ገልጦ፣ ረቂቁን ያቀኑት እነማን እንደ ሆኑ ማንበብ ነው። ከዚህም ሌላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠኑ ምሩቃንን፣ በጋዜጣና በመጽሔት ዝግጅት የኖሩ ሰዎችን፣ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርንም መጠየቅ ይቻላል። በዓሉ ግርማ ራሱ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ እንደ ነበረ ስናስብ፣ የጋዜጣ ቤት ለልብ ወለድ ባዳ አለመሆኑን እንረዳለን። ነገር ግን ስመ ጥር ገጣሚ ወይም በቅኔ የበሰለ ሊቅ ስለ ሆነ ብቻ የልብ ወለድ አርታኢ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የራሱ ድምፅ እጅግ የጎላ ሰው የሌላውን ድምፅ ለመስማት ይቸገራልና።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ፈተናው ነው። በበርበሬ በረንዳ ጆንያ ሙሉ በርበሬ የሚገዛ ሰው ከላይ የተነጠፈውን አምኖ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ እጁን ወደ ጆንያው ሆድ ሰዶ ዛላ ያወጣል፣ ይሰብረዋል፣ ፍሬውን ያያል፣ ክብደቱን ለማብዛት ውሃ እንዳልተረጨበትም በጣቱ ይዳስሳል። ደራሲም እንዲሁ ከድርሰቱ መካከል (ብዙ ጊዜ የተሻሸውን መጀመሪያውን አይደለም) ዐሥር ያህል ገጾች መርጦ፣ ያንኑ ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት አርታኢዎች ሰጥቶ፣ የድካማቸውንም ዋጋ ከፍሎ፣ የመለሱለትን ጎን ለጎን አኑሮ ይመልከት።

በዚህ ጊዜ የቀይ ምልክቱን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ ጥያቄዎቹን ማንበብ ይበጃል። አንድ ወጣት ተሸካሚ ዐሥር ፈረሱላ በርበሬ ብቻውን አንሥቶ ደረጃ ወጣ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የሚያውቅ አርታኢ «መቶ ሰባ ኪሎ በአንድ ጫንቃ እንዴት ይሆናል?» ብሎ በኅዳጉ ይጽፋል። አዲሱ በርበሬ በነሐሴ ጭጋግ ከማሳ ተለቅሞ ገባ የሚል ገጽ ቢያገኝም፣ አዝመራው የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሆኑን አስታውሶ ይጠይቃል። በአንጻሩ ደግሞ ደላላው «በል ቁርጡን ንገረኝ» ያለውን ሰርዞ «የመጨረሻ ዋጋህን ግለጽልኝ» ብሎ የሚተካ አርታኢ፣ ሰዋስው ቢያውቅም መርካቶን አያውቅም። የሠፈሩ ልሳን ከደራሲው ሀብት ሁሉ የበለጠ ነውና፣ ይህን የሚያጥብ እጅ ምንም ቢማር ሊመረጥ አይገባውም።

አርታኢው ከተመረጠ በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በሁለት ምስክር ፊት ቢፈረም ደግሞ ይጸናል። ከሦስቱ ሥራዎች የትኛው እንደ ሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነበብ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ረቂቁም ለሌላ ሰው እንዳይታይ በግልጥ ይጻፍ። ክፍያው በገጽ ከሆነ፣ በኮምፒውተር የተጻፈው ትልቁ ወረቀትና የመጽሐፉ ገጽ አንድ ስላልሆኑ፣ የትኛው እንደሚቆጠር ካልተወሰነ በመጨረሻ ጠብ ይነሣል፤ በቃላት ቁጥር መዋዋል ከዚህ ይሻላል። ቀብድ የሚባለውንም ነገር የመርካቶ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለም ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የሚሰጠው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይም የሥራው የመጀመሪያ ክፍያ፣ በስሙ ተለይቶ ይጻፍ። መብትን በሚመለከት፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንዳይዛባ የመቃወምን መብት ለደራሲው ስለሚሰጥ፣ ለውጥን የመቀበልና ያለመቀበል የመጨረሻው ቃል የደራሲው መሆኑን በውሉ ማስፈር ከሕጉ ጋራ የተስማማ ነው።

ይህ የመጨረሻ ቃል ከንቱ ጥንቃቄ አለመሆኑን የአሜሪካዊው ደራሲ የሬይመንድ ካርቨር ታሪክ ያሳያል። አርታኢው ጎርደን ሊሽ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተሙትን አጫጭር ልብ ወለዶቹን በግማሽ ገደማ ቆርጦ አሳጠራቸው፤ ደራሲው ኅትመቱ እንዲቆም በደብዳቤ ቢማጸንም አልሆነለትም፤ መጽሐፉ ዝናን አስገኘለት፤ ያልተቆረጠውም ድርሰት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ለብቻው ታተመ። ከሁለቱ የሚበልጠው የቱ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ እንኳ የተቆረጠውን እመርጣለሁ፤ ቢሆንም የሚቆርጠው እጅ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መሥራቱን አላጸድቅም።

ሥራው ሲጀመር አርታኢው እርማቱ ሁሉ እየታየ እንዲሠራ ይጠየቅ፤ የኮምፒውተሩ ቃል አቀናባሪ ለውጥን መዝግቦ የማሳየት ችሎታ ስላለው፣ ደራሲው እያንዳንዱን እየተመለከተ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ከዚህም በፊት ሁለቱ ተቀምጠው ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐ በየትኛው ቃል እንደሚጻፉ፣ የገጸ ባሕርያቱና የሠፈሮቹ ስምም እንዴት እንደሚሰፍር በአንድ ወረቀት ይወስኑ። ፊደሉን ከድሮው የፓወር ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አንዳንድ ሆሄ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የማረሚያው ንባብ ገጹ በማተሚያ ቤት ከተቀናበረ በኋላ ይደረግ እንጂ አይቅደም።

ገንዘቡ ለአንዱ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ለአወቃቀሩ ምርመራ ክፈል፤ የፊደሉን ግድፈት አንድ ትጉህ የአማርኛ መምህር በጥቂት ዋጋ ሊለቅምልህ ይችላል።