ተስፋና እምነት በመከራ ጊዜ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የሰው ኑሮ እንደ ባሌ ምድር ወጣ ገባ ነው። ባሌ 4377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እስከ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ሰውም አንድ ቀን ከከፍታ፥ ሌላ ቀን ከሸለቆ ራሱን ያገኛል። ታዲያ ከሸለቆው የሚያወጣው ምንድን ነው? ሕዝቡ ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግበት አንድ ስፍራ በባሌ ምድር አለ። በብድሬ፥ በጎባ ወይም በሮቤ የምትማሩ ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ድሬ ሼክ ሁሴን ነው።

ድሬ ሼክ ሁሴን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ኖሩ በሚነገርላቸው የሃይማኖት አባት ስም የሚጠራ፥ በኖራ የተለሰኑ ነጫጭ ሕንጻዎች ያሉበት መካነ ጸሎት ነው። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንደኛው በዐረፋ ሰሞን፥ ከባሌ፥ ከአርሲ፥ ከሐረርጌና ከሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ክርስቲያኖችም አይታጡም። ጫፉ ባላ የሆነ ዘንግ ይዘው በእግር የሚጓዙት ምእመናን «ገሪባ» ይባላሉ።

እነዚህን መንገደኞች ሁሉ ያነሣሣቸው ደስታ አይደለም። ልጅ የሞተባት፥ ዝናም የቀረበት፥ ሕመም የጸናበት ይገኝባቸዋል። ሐዘን ከቤት ጥግ ያስቀመጣትን አንዲት እናት አስቡ። ተነሥታ ብትሄድም ሐዘኑ አይቀርላትም፤ መንገዱም ልጇን አይመልስላትም። ነገር ግን ዘንጓን ይዛ ስትወጣ በየመንደሩ ማደሪያና እህል ውሃ የሚሰጣት ታገኛለች። ማታ ማታ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትጸልያለች፤ የእርሷን የመሰለ ሐዘን የደረሰበት ሌላ ሰው እንዳለም ትሰማለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እውነትነቱ በዚህ ጊዜ ይገለጥላታል።

እንግዲህ ተስፋ ማለት መከራው አልደረሰም ብሎ ራስን ማታለል ሳይሆን፥ መከራው ሳለ ተነሥቶ አንድ እርምጃ መራመድ ነው። እምነት ደግሞ የመንገዱ መጨረሻ ሳይታይ ሁለተኛውን እርምጃ የሚያስረግጥ ኀይል ነው።

ለ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. መንገዱ ቢረዝም ትመለሳለች።
2. መንገዱ ቢረዝምም ትጓዛለች።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቢረዝም» ሁኔታን ያመለክታል፤ የሴትዮዋ ውሳኔ በመንገዱ ርዝመት ላይ ተመሥርቷል። በሁለተኛው ግን በግሡ መጨረሻ ላይ «ም» ተጨምራለች። የመንገዱ ርዝመት አልተካደም፤ ጉዞው ግን አልተቋረጠም። የምንባቡ ዋና ሐሳብ በዚህች በአንዲት ፊደል ውስጥ እንደሚገኝ ልብ በሉ።

ሐ. መልመጃ

1. «ተስፋ» እና «እምነት» በምንባቡ ውስጥ በምን እንደሚለያዩ በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. «ቢወድቅም»፥ «ብታዝንም»፥ «ቢመሽም»፥ «ባናውቅም» በሚሉት ግሦች አራት የተሟሉ ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።
3. ከባድ ሐዘን ለደረሰበት ጓደኛችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ሐዘኑን አታቃልሉበት። «አይዞህ» ከማለት አልፋችሁ አብራችሁት ልታደርጉ የምትችሉትን አንድ ነገር ግለጹለት፤ ደብዳቤውን ከጨረሳችሁም በኋላ የጻፋችሁትን ፈጽሙ።