ዝምታ ሁሉ ጸሎት ነውን?

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ባሉት ወንጌላውያን በሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ስለ ጸሎት አንድ ክርክር ተነሥቶ ይገኛል። ከሰባክያናቸው አንዳንዶቹ ምእመናኑን በጸጥታ ተቀምጠው፥ አንዲትን ቃል በልባቸው እየደጋገሙ፥ ሐሳብን ሁሉ እያሳለፉ እግዚአብሔርን በውስጣቸው እንዲጠባበቁ ያስተምራሉ፤ ይህንም የተመስጦ ጸሎት ይሉታል። ሌሎቹ ደግሞ ይህ የሂንዱና የቡድሃ ልማድ ስሙን ለውጦ በክርስቲያን ቤት የገባ ነው ብለው አጥብቀው ይቃወማሉ።

የሌላ ቤት ክርክር ነው ብለን እንዳናልፈው የሚያስገድዱን ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፥ የተመስጦ መምህራን ለምስክርነት የሚጠሩት የግብጽ በረሓ አበውን፥ ይኸውም የእኛኑ አባቶች መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ በባሕር ማዶ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን ይህንኑ ልማድ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ፥ በእጅ ስልካቸውም ሳይቀር የሚያገኙት ስለ ሆነ፥ የንስሓ አባት የሆነ ካህን ሁሉ ጥያቄው አንድ ቀን ወደ እርሱ መምጣቱን ሊጠብቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የነገሩን መነሻ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1959 ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ የተባለው የህንድ መምህር ወደ አሜሪካ መጥቶ አንድ ቃል በሕሊና እየደጋገሙ የመቀመጥን ልማድ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ብዙ ወጣቶች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክርስቲያን ቤት ያደጉ፥ ሰላምን ፍለጋ ወደ እርሱና ወደ መሰሎቹ ጐረፉ። በማሳቹሴትስ ግዛት በስፔንሰር የሚገኘው የትራፒስት ካቶሊካውያን ገዳም አበምኔት የነበሩት አባ ቶማስ ኪቲንግ ይህን አይተው፥ ለእነዚህ ወጣቶች የሚስማማ የጸሎት መንገድ ከራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ውስጥ እንዲፈለግ መነኮሳቱን ጠየቁ። በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ዊልያም ሜኒንገር፥ ስሙን ያልገለጸ እንግሊዛዊ በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈውን «የአለማወቅ ደመና» የሚባለውን መጽሐፍ መሠረት አድርገው አንድ አጭር ዘዴ አዘጋጁ፤ አባ ባሲል ፔኒንግተንም በመጻሕፍትና በጉባኤ አስፋፉት። ሐሳብን ወደ ውስጥ የመሰብሰብ ጸሎት ብንለው ለስሙ ይቀርባል። ሰው በየቀኑ ሁለት ጊዜ፥ በየጊዜውም 20 ደቂቃ ያህል፥ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ አንዲት አጭር ቃል ይመርጣል፤ ሐሳብ በመጣበት ቍጥር ሐሳቡን ሳይታገል በቀስታ ወደዚያች ቃል ይመለሳል። ቃሊቱም እግዚአብሔር በውስጡ እንዲሠራ መፍቀዱን የምታመለክት ምልክት ናት እንጂ ትርጕሟ የሚመረመርባት አይደለችም ይላሉ።

ዮሐንስ ሜይን የተባሉት የቤኔዲክት ማኅበር መነኵሴ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጥ ነው። እኒህ ሰው ከመመንኰሳቸው በፊት በ1950ዎቹ ዓመታት በማላያ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ሳሉ፥ ማንትራ የሚባለውን ቃል እየደጋገሙ መቀመጥን ከአንድ የሂንዱ መምህር ተማሩ። በገዳም ሲገቡ መምህረ ገዳሙ ልማዱን እንዲተዉ አዘዟቸው፤ እሳቸውም ታዘዙ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የዮሐንስ ካስያኖስን መጽሐፍ ሲያነቡ ያው ትምህርት በበረሓ አበው ዘንድ እንዳለ ሆኖ ስለ ታያቸው ተመለሱበት፤ በ1982 እስኪሞቱም ድረስ አስተማሩት። ለተማሪዎቻቸው የመረጡት ቃል «ማራናታ» የሚለው ነው። ይህ በቆሮንቶስ አንደኛ መልእክት መጨረሻ የሚገኝ የአራማይክ ቃል የጌታችንን መምጣት የሚለምን ነው። እሳቸው ግን ለጀማሪ ይመቻል ያሉበት አንዱ ምክንያት ቃሉ ለምዕራባዊ ሰው ባዕድ በመሆኑ በሕሊናው ምንም ሥዕል የማይቀሰቅስ መሆኑ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የጥንት ክርስቲያኖች ጌታቸውን የጠሩበት ልመና የተመረጠው ትርጕሙ እንዳይሰማ ሆነ።

ይህ ሁሉ ከካቶሊካውያን ዘንድ ወደ ወንጌላውያኑ በብዙ በር ገባ። በ1978 የኩዌከር ማኅበር አባል የሆነው ሪቻርድ ፎስተር ስለ መንፈሳዊ ትሩፋት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡም ጾምን፥ ብሕትውናን፥ ኑዛዜንና ተመስጦን ጨምሮ 12 ሥርዓቶችን ዘረዘረ። ጾምን ለአንባቢዎቹ እንደ ተረሳ መዝገብ ቈፍሮ ሲያወጣ፥ በዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን የሚጾም ኢትዮጵያዊ ቢያነበው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእውነት ያህል ግን ፎስተር የምሥራቁ ተመስጦ አእምሮን ባዶ ለማድረግ፥ የክርስቲያኑ ግን አእምሮን ለመሙላት የሚደክም መሆኑን ለይቶ ጽፏል። ሰዎቹ መጽሐፉን የተቀበሉበት ምክንያትም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ገዳምን፥ ጾምን፥ ሰዓታትንና ቅዳሴን የተወ ማኅበር ከስብከትና ከመዝሙር ጩኸት በኋላ ምእመኑ ብቻውን በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት ስፍራ ያጣል፤ የተጠማ ሰው ደግሞ ውሃውን ማን እንደ ቀዳው ሳይጠይቅ ይጠጣል።

ተቃዋሚዎቹ ከዚህ በኋላ ተነሡ። ከእነርሱ ብዙ የተነበበው ሬይ ያንገን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቃል እየደጋገሙ ሐሳብን ጸጥ ማድረግ በየትኛውም ሃይማኖት ስም ቢደረግ ያው አንዱ ልማድ ነው ብሎ ይከራከራል። የትራፒስቱ መነኵሴ ቶማስ መርተን በእስያ ከቡድሃ መምህራን ጋር ሲነጋገሩ ሰንብተው ዲሴምበር 10 ቀን 1968 በባንኮክ መሞታቸውንም ለነገሩ አቅጣጫ እንደ ምስክር የሚጠቅሱ አሉ።

እኛ ከተቃዋሚዎቹ ጋር የምንስማማበትም የምንለይበትም አለ። አንዳንዶቻቸው ጸሎትን መደጋገም ሁሉ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የነቀፈው የአሕዛብ ልማድ ነው ይላሉ። ይህ ግን መጽሐፍን ከመጽሐፍ ጋር ሳያስተያዩ መፍረድ ነው። ራሱ ጌታችን በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደ ጸለየ ያው ወንጌላዊ በ26ኛው ምዕራፍ ይመሰክራል። በኢያሪኮ መንገድ የተቀመጠው ዕውር ዝም በል ቢሉት ያንኑ የምሕረት ልመና አብዝቶ ጮኸ፤ ጌታም ቆሞ አስጠራው እንጂ ስለ መደጋገሙ አልገሠጸውም። በነቢዩ በኢሳይያስ ራእይ ሱራፌል የሚያመሰግኑት ቅድስናውን እየደጋገሙ ነው። በአሕዛብ የተነቀፈው ነገር በቃል ብዛት አምላክን አስገድደዋለሁ ማለታቸው ነው። መነኰሳትንና ዝምታን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ ባዕድ አምልኮ ማለትም አባ እንጦንስንና አባ መቃርስን ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣት ይሆናል።

ከእነርሱ ጋር የምንስማማበት ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ እርሱንም ለማስረዳት ሁለቱ ወገኖች ወደሚጣሉበት ወደ ካስያኖስ መሄድ ይሻላል። አባ ዮሐንስ ካስያኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብጽ በአስቄጥስ ገዳም ብዙ ዓመት ከአበው እግር ሥር ተምሮ፥ በኋላ በማርሴይ ገዳማትን ያቆመ አባት ነው። ከአበው የሰማውን በጻፈበት መጽሐፍ 10ኛው ክፍል አባ ይስሐቅ የሚባሉት አረጋዊ ስለ ጸሎት ያስተምራሉ። ከትምህርቱ በፊት አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ተጽፏል። ሰራፕዮን የተባሉ በተጋድሎ የሸመገሉ መነኵሴ፥ እግዚአብሔር እንደ ሰው አካል ያለው አድርገው ሲጸልዩ ኖረው ይህ ስሕተት መሆኑ በተነገራቸው ጊዜ አመኑ፤ ነገር ግን ከወንድሞች ጋር ለጸሎት በቆሙ ጊዜ በልባቸው የለመዱት ሥዕል ስለ ተወሰደባቸው ወደ ማን እንደሚጸልዩ አጥተው በምድር ወድቀው አለቀሱ። ካስያኖስና ጓደኛው ጌርማኖስ በዚህ ደንግጠው፥ ሕሊና እግዚአብሔርን ሳይለቅ እንዴት ሊጸና እንደሚችል አባ ይስሐቅን ጠየቋቸው። አረጋዊው የሰጧቸውም አንዲትን የመዝሙር ቍጥር ነው፤ ይህችውም በ69ኛው፥ በሌላው አቈጣጠር በ70ኛው መዝሙር መጀመሪያ ዳዊት እግዚአብሔር ፈጥኖ ይረዳው ዘንድ የለመነባት ናት።

የተመስጦ መምህራን እነሆ ማንትራ በበረሓ ተገኘ የሚሉት በዚህ ነው። እስቲ አባ ይስሐቅ ስለዚያች ቍጥር የሚናገሩትን እንከተል። ይህችን ቃል የመረጧት በሰው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ስለምትመልስ ነው። መብል ሲያስጐመጅ፥ እንቅልፍ ሲነሣ፥ ቍጣ ሲነድ፥ ትዕቢት ሲያብጥ፥ ደስታም ሲመጣ፥ በየጊዜው ያችው ቃል በአዲስ ትርጕም ትጸለያለች። በእርሷ ውስጥ ድካሙን የሚያምን ሰው አለ፤ ረዳቱ ቅርብ መሆኑን ማመን አለ፤ ጠላት መኖሩን ዐውቆ መትጋትም አለ። እንግዲህ አባ ይስሐቅ ቍጥሯን የሰጡት ትርጕሟ ሰውን ሁሉ እንዲሞላ ነው። ወደ ማን እንደሚጸልዩ ላጡት ለአባ ሰራፕዮን ዓይነቱ ኀዘን መድኃኒቱ የሚጠሩትን አምላክ መጥራት ነበር። ትርጕም የማይፈለግበትን ድምፅ ለእንዲህ ያለው ሰው መስጠት ኀዘኑን እንደ ትምህርት አድርጎ ማስተማር ይሆናል።

አበው ከቃል ያለፈ ጸሎት መኖሩን አልካዱም። ካስያኖስ ራሱ እንደ እሳት ስለሆነና አንደበት ስለማይናገረው ጸሎት ጽፏል። በገዳሞቻችን የሚነበበው ሶርያዊው ማር ይስሐቅም ሕሊና በመደነቅ ተይዞ ጸሎት ራሱ ስለሚቆምበት ደረጃ ያስተምራል። ነገር ግን ወደ ንጹሕ ጸሎት የሚደርስ ሰው ከአእላፍ አንድ እንኳ በጭንቅ እንደሚገኝ፥ ከዚያ ያለፈውም የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ እንጂ የሰው ድካም ዋጋ እንዳይደለ አስጠንቅቋል። ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድም በዕንባ፥ በጾም፥ በትሕትናና በመስቀል ፊት በሚደረግ ስግደት አሳይቷል። ይህን በ20 ደቂቃ ልምምድ ለመጣው ሁሉ ማደል ከየት የተገኘ ሥልጣን ነው? የአለማወቅ ደመናን የጻፈው እንግሊዛዊ እንኳ በመጽሐፉ መግቢያ፥ ክርስቶስን በፍጹም ልቡ ለመከተል ላልቈረጠ ሰው መጽሐፉ እንዳይነበብለት ለምኗል፤ ኑዛዜንም አስቀድሟል። የዘመናችን መምህራን ከእርሱ ቃሊቱን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

ይህን ፍርሀት የወንጌላውያን ብቻ አድርጎ ማየትም አይገባም። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ኦክቶበር 15 ቀን 1989 ለጳጳሳቷ በላከችው፥ በኋላ ፓፓ የሆኑት ካርዲናል ራትሲንገር በፈረሙበት ደብዳቤ፥ ከሰውነት ልምምድ የሚመጣውን የጸጥታ ስሜት የመንፈስ ቅዱስ መጽናናት አድርጎ መቍጠር ስሕተት መሆኑን አስታውቃለች። በእኛም ዘንድ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። ትንፋሹን አሳርፎ ለሩብ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ልቡ ጸጥ ይላል፤ ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ሐኪምም ሊያዝለት ይችላል። ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሳለ፥ ንስሓውን ሳይፈጽም ሳለ፥ ያ ጸጥታ የእግዚአብሔር ይቅርታ ሆኖ ከታየው ግን የሕሊናው ወቀሳ ከነመድኃኒቱ ጠፋበት።

እንግዲህ ወጣቱ መጥቶ ሲጠይቅ ካህኑ ምን ይመልስለት? በቍጣ ማባረር ወደ ሌላ መምህር መላክ ነው። ዝም ብለህ በተቀመጥህ ጊዜ የምትጠባበቀው ማንን ነው? ብሎ በፍቅር ቢጠይቀው የነገሩ ሥር ይገለጣል። ከዚያ በኋላ መቍጠሪያ በእጁ ይስጠው፤ ማታ ማታ ቆሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለውን 41 ጊዜ እንዲጸልይ፥ ትርጕሙንም በሚያስብበት ቋንቋ እንዲያውቀው ያድርግ፤ ከጸሎቱ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቢቆም ማንም አይከለክለውም። ከመካከላችን ሐሳቡን በገበያ ትቶ በጣቱ ብቻ የሚቈጥር ስለማይጠፋ፥ ካህኑ ይህን ሲያስተምር ራሱንም አብሮ ያስተምራል።

ችግሩ የመጻሕፍቱ ነገር ነው። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚተረጐሙበት የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ ሲሆን መምህራኑ ጥቂቶች ናቸው፤ በባሕር ማዶ ያደገ ልጅም ግዕዙን ይቅርና የአማርኛውን ትርጓሜ ማንበብ ይከብደዋል። የማር ይስሐቅን ድርሳናት ግን በቦስተን ከተማ አጠገብ የሚገኝ አንድ የኦርቶዶክስ ገዳም በ1984 በእንግሊዝኛ አሳትሟቸዋል። ወጣቱ ያንን ይዞ ቢመጣ፥ ካህኑ ግዕዙን ከነአንድምታው ይዞ አብሮት ሊቀመጥ ይችላል፤ የሁለቱ አከፋፈልና የድርሳናት ቍጥር ስለማይገጥም ግን ቀደም ብሎ አስተያይቶ መምጣት ያስፈልገዋል።