አዲስ ፒክ አፕ ስንረከብ

በሬ ልንገዛ ገበያ ስንወጣ ምን እናደርጋለን? አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። ጫንቃውን እንዳብሳለን። ሰኮናውን አንሥተን እንመለከታለን። ወዲያና ወዲህ እናስኬደዋለን። ሻጩ «ኧረ ደኅና በሬ ነው!» ስላለን ብቻ ገንዘባችንን ቆጥረን አንሰጥም። መኪና ስንገዛ ግን ብዙዎቻችን ይህን ልማዳችንን እንረሳዋለን። «አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ እኛ ምን እናውቃለን?» እንላለን። የቀለሙ ማብረቅረቅ ዓይናችንን ይይዘዋል።

በዚህ ትምህርት አዲስ ፒክ አፕ ከሻጭ ቤት ስንረከብ ምን ማየት እንዳለብን እንነጋገራለን። ፒክ አፕ ማለት ከፊት ሰው የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ከኋላ ጭነት የሚጫንበት ካሶኒ ያለው መኪና ነው። አንድ ረድፍ ወንበር ያለው ሲንግል ጋቢና፣ ሁለት ረድፍ ያለው ደብል ጋቢና ይባላል። ብዙዎቹ መጫን የሚችሉት 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህም 10 ኩንታል መሆኑ ነው። የተሳፈረው ሰውም ከዚሁ ላይ ይታሰባል።

በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም ከአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከተላኩ አራት ሰዎች ጋር ወደ መርካቶ ሄደን ነበር። ማኅበሩ ሽንኩርት ያመርታል። በክረምት ጭነት የሚያነሣ መኪና እየጠፋ ስንት ሽንኩርት ማሳ ዳር በስብሷል! ስለዚህ አባላቱ ለዓመታት ገንዘብ አጠራቀሙ፤ የጎደለውንም ተበደሩ። የተላኩት ሊቀ መንበሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊዋና ሾፌሩ ነበሩ። በዋዜማው አውቶቡስ ተራ ወርደው እዚያው አካባቢ አደሩ። ጧት በሦስት ሰዓት አብረን ሻጩ ቤት ደረስን።

ሁለት ነጫጭ ፒክ አፖች ጎን ለጎን ቆመዋል። መንታ ይመስላሉ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣና ለገንዘብ ያዡ፣ «አባባ፣ የእናንተ ይኼኛው ነው። ታጥቦ ተወልውሎ አልቋል። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አላቸው።

ገንዘብ ያዡ ማንበብ የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ቀድሞ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ ነበር የሚፈርሙት። ወረቀቱን ተቀበሉና በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። «መኪናውን ከነሙሉ ዕቃው በደኅና ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል።

«ልጄ፣ ‹ከነሙሉ ዕቃው› ይላል። ዕቃውን መች አየሁት?» አሉ።

«ሁሉም አለ አባባ። ሌላ ደንበኛም እየጠበቀኝ ነው።»

«ትንሽ ታገሠኝ። የብዙ ሰው ገንዘብ ነው።»

ልብ በሉ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የርክክብ ወረቀት እንዲያው ተራ ወረቀት አይደለም። ከፈረምን በኋላ «ክሪክ የለውም፤ በሩ ተጭሯል» ብንል፣ ሻጩ «ደኅና ነው ብለው ፈርመውልኛል» ይለናል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው የገዛውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዲህ መኪናውን አገላብጦ ማየት ሻጩን እንደ ሌባ መቁጠር አይደለም፤ የገዢ ግዴታ ነው። ማፈር አያስፈልግም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ መኪና የራሱ የሻንሲ ቁጥር አለው። ሻንሲ ማለት መኪናው በሙሉ የተቀመጠበት የብረት አጥንት ነው። በብዙ ፒክ አፖች ቁጥሩ በቀኝ በኩል በፊተኛው ጎማ አካባቢ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሞተሩም የራሱ ቁጥር አለው። የሻንሲው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 17 ምልክቶች አሉት፤ የፈረንጅ ፊደልና አኃዝ የተደባለቀበት ነው። «የፈረንጅ ፊደል አላውቅም» ብለን መተው የለብንም። ማንበብ ሳይሆን ማመሳሰል ነው የሚያስፈልገን። ደግሞ አንድ የሚያግዘን ነገር አለ። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የፈረንጅ ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል ተትተዋል። ስለዚህ ክቡ ምልክት ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለውም አንድ ነው።

ጸሐፊዋ ብልኅ ናት። ስስ ወረቀት በተቀረጸው ቁጥር ላይ አድርጋ በእርሳስ አሸችው። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ከዚያ ገንዘብ ያዡና እርሷ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ምልክት በምልክት አመሳሰሉ። አሥራ ስድስቱ አንድ ናቸው። የመጨረሻው ግን ተለያየ። ሰነዱ ላይ 8 ነው፤ ብረቱ ላይ 3።

«የጽሕፈት ስሕተት ትሆናለች፤ ትንሽ ነገር ናት» አለ ሠራተኛው።

ገንዘብ ያዡ ወደ ጎረቤቱ መኪና ሄዱ። ጎንበስ ብለው አዩ። መጨረሻው 8 ነው! የማኅበሩ መኪና ያኛው ኖሯል። ሰነዳቸው የአንዱ፣ ሊረከቡት የነበረው የሌላው ነው። ሠራተኛው ደነገጠ። ተንኮል አልነበረበትም፤ ጥድፊያ ነው ያሳሳተው። ነገር ግን ያንን መኪና ይዘው ቢሄዱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለሰሌዳና ለሊብሬ ሲቀርቡ መርማሪው ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ያስተያያል። ቁጥሩ ካልገጠመ ሊብሬ የለም። ሊብሬ ከሌለ መኪናው ይቆማል፤ ሽንኩርቱም ይበሰብሳል። የራሳቸው መኪና ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይነዳ ነበር።

ከዚህ በኋላ ማንም አላጣደፋቸውም።

ትክክለኛውን መኪና ከጥላው አውጥተን ፀሐይ ላይ አቆምነው። ቀለም ጥላ ውስጥ ወይም ውሃ እንደነካው አይታይም። ደርቆ፣ በብርሃን፣ ከጎን ዘንበል ብሎ ነው የሚታየው። አንዱ በር ከሌላው ትንሽ ከጠቆረ ወይም ከነጣ፣ የበሩ ጎማ ላይ የቀለም ርጭት ካለ፣ ቦታው ተጠግኖ ዳግመኛ የተቀባ ሊሆን ይችላል። በሮቹ ሲዘጉ ክፍተታቸው ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። አዲስ መኪና እንዴት ይጎዳል የሚል ይኖራል። መኪናው በመርከብ ይመጣል፤ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። በመጫንና በማውረድ ይጫራል፤ ወደብ ላይ ብዙ ከቆመም የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረቱን ከሥር ያዝገዋል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቁጥርም እናንብብ። በሌላ መኪና ተጭኖ መጥቷል ከተባለ ቁጥሩ ትንሽ መሆን አለበት። ብዙ ከሆነ ማን እንደነዳው እንጠይቅ።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ይህ ለእኛ አዲስ ፊደል ለቆጠርነው ጥሩ ማንበቢያ ነው። በጎማው ጎን ላይ ካለው ብዙ ጽሑፍ መካከል በትንሽ ክብ መስመር ውስጥ የተጻፈ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። በአንዱ ጎን ካጣነው በሌላው ጎን እንፈልገው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩናል። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። የዚያ መኪና አራት ጎማዎች 1719 ይላሉ። በ2019 በ17ኛው ሳምንት ተሠሩ ማለት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም። ደኅና! አዲስ ጎማ በላዩ ላይ እንደ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን የጎማ ጭረቶች ይኖሩታል፤ እነርሱም አሉ።

አምስተኛው ጎማ ስኮርታው ነው። በፒክ አፕ ስኮርታ ብዙ ጊዜ ከካሶኒው ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው። ስለማይታይ ሰው ይተወዋል። ሾፌሩ በዘንግ አዙሮ አወረደው። ቁጥሩ 0815 ይላል። ቁጠሩት እስቲ። በ2015 በስምንተኛው ሳምንት፣ በእኛ የካቲት 2007 ዓ.ም! ከወንድሞቹ በአራት ዓመት ይበልጣል። ፀጉሩም የለም፤ ጠርዙ ተበልቷል። አንድ ቦታ አንድ ሰው አዲሱን ወስዶ አሮጌውን ሰቅሎበታል። የት እንደተለወጠ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ሊቀ መንበሩ «አንድ ስኮርታ ነው፤ እንለፈው ይሆን?» አሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልን። ሶማሌ ተራ ቅርብ ነው። የመኪና ዕቃ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ የሚሸጥበት የመርካቶ ሰፈር ነው። ሾፌሩና ሊቀ መንበሩ ሄደው የዚያን ልክ ጎማ ከነቸርኬው ዋጋ ጠይቀው ተመለሱ። የሊቀ መንበሩ ፊት ተለውጧል። «ኧረ ይኼ ስንት ኩንታል ሽንኩርት ነው! አናልፈውም» አሉ። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ተጨማሪ ቁልፍም እንዲሁ ናቸው። ሲታዩ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ሲገዙ ግን ዋጋቸው ያስደነግጣል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ስሞቹ አንድ ነገር እንበል። ካሶኒ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «መርካቶ» ራሱ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ የከተማውን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ወደዚህ አዛወረው። ስለዚህ የአንድ ዕቃ ስም ቢጠፋብን አላዋቂ ነን ማለት አይደለም። በጣት አሳይቶ «ይኼ ምን ይባላል? ምን ይሠራል?» ማለት ይበቃል።

ኮፈኑ ሲከፈት ሦስት ነገር እንይ። የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና የፍሬን ዘይት። የሞተሩ ዘይት የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። የመለኪያውን ዘንግ አውጥተን በጨርቅ እንጥረግ፤ መልሰን ከትተን እናውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ መኪናው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተን ከሥሩ ካርቶን እንዘርጋ። ጥርት ያለ ውሃ ቢንጠባጠብ ከማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል፤ አያስፈራም። ዘይት ከሆነ ግን በጣት ሲነካ ይታወቃል፤ ያኔ መረከብ የለም።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም። ቁጥሩ፣ ጎማው፣ ፍሬኑና ሰነዱ ግን በእርሱም ያው ነው።

መብራት ለማየት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ገብቶ ፍሬን ይረግጣል፤ ፍሬቻ ያበራል፤ ወደ ኋላ ማርሽ ያስገባል። ሌላው ውጭ ቆሞ ያያል። ከዚያ ሾፌሩ ጥቂት ይንዳው። ቀስ ብሎ ሲይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም።

ሰነዱን ደግሞ ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ቆጠረች። የሽያጭ ደረሰኙና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ የያዙት ያንኑ የሻንሲ ቁጥር መሆን አለበት። የዋስትናው ወረቀት ማኅተም ይፈልጋል። ዋስትናው በወርም በኪሎ ሜትርም የተወሰነ ከሆነ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃዋል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። መድንም አለ። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ በወጡ አዋጆች የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይነዳ ተከልክሏል። ስለዚህ መድኑ ሳይገባ «እስከ ሰፈር ብቻ» ብሎ መንዳት አይገባም።

ሻጩ ቤት ስኮርታውን እንደሚለውጥ በአፍ ቃል ገባ። ገንዘብ ያዡ ግን በጽሑፍ ይሁን አሉ። ጸሐፊዋ በርክክቡ ወረቀት ላይ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ስኮርታው አሮጌ ነው፤ ቁጥሩ 0815 ነው። በአዲስ ይለወጥልናል። ይህ እስኪፈጸም ርክክቡ አላለቀም።»

ሠራተኛው አነበበውና ወደ አለቃው ሄደ። ቆይቶ አዲስ ስኮርታ እያንከባለለ መጣ። ገንዘብ ያዡ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ። 1719 ይላል። ጸሐፊዋ ከጽሑፉ ሥር «ተለውጧል» ብላ ቀኑን ጨመረች። ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ሆኗል፤ ምሳ የበላ የለም።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አቀበላቸው። «አባባ፣ አሁንስ?»

«አሁን አዎ፣ ልጄ» አሉና ሙሉ ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ ጻፉ። ጸሐፊዋ ቅጂውን ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።