ሰው ስንት ነው? የሚኖረውስ የት ነው?

ቆጣሪ መዝገብ ይዞ ደጅ ሲቆም የሚፈራ ብዙ ነው። «ልጆቼን ከጻፈ ግብር ይጨምርብኛል» ይላል አንዱ። ልጅ ሲቆጠር ክፉ ያገኘዋል የሚልም አይታጣም። ግብር ግን የሚጣለው በመሬትና በገቢ እንጂ በልጅ ብዛት አይደለም።

በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተደረገ። በሦስተኛው ሕዝቡ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከቆጠራው በፊት ካርታ ይነሣል። አገሩ በትንንሽ የቆጠራ ቦታ ይከፈላል፤ ወሰኑም ወንዝ ወይም መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህም አንዱ ቤት ሁለቴ እንዳይቆጠር፣ ሌላውም እንዳይዘለል ነው።

ቁጥር ብቻውን አይበቃም። አንድ ጤና ኬላ ለ5000 ሰው ያህል ታስቦ ይሠራል። እንበል፣ በአንድ ቀበሌ 5000 ሰው አለ፤ 4000ው ከወንዙ ወዲህ፣ 1000ው ማዶ ይኖራል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ባለሙያ «አንድ ኬላ ይበቃል» ይላል። ታዲያ በክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ማዶ ምጥ የያዛት ሴት በምን ትሻገር? ካርታውን አብሮ ያየ ግን ድልድይ ወይም ማዶ ሌላ ኬላ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

ዕድሜም ይጠየቃል። ዛሬ ጡት የሚጠባው ሕፃን ከጥቂት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት መቀመጫ ይፈልጋል። «እሱ ደግሞ ምን ይቆጠራል» ተብሎ ከቀረ፣ ክፍል ሲሠራ የእሱ ቦታ አይታሰብም።

የልደት ዘመኑን የማያውቅ ሰው ማፈር የለበትም። በዚያ ጊዜ የሆነውን ነገር ይንገር። «አብዮት በፈነዳ ዓመት» ካለ፣ ቆጣሪው 1966 ብሎ ያሰላለታል።