እፉኝት የነደፈው ሰው ደሙ ለምን አልረጋ ይላል?

ዛሬ ስለ ደም መርጋት እናወራለን፤ የምጀምረው ግን ከእባብ ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾና ማሽላ ሲሰበሰብ ባዶ እግሩን ማሳ የሚገባው ብዙ ነው። እናንተ ከተማ ብትኖሩም ገጠር ዘመድ አላችሁና አንብቡት።

ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ቢቆርጣችሁ መጀመሪያ የደም ሥሩ ይኮማተራል። ቀጥሎ ፕሌትሌት የሚባሉ ደቃቅ የደም ክፍሎች ተጣብቀው ቀዳዳውን ይወትፉታል። ውታፉ ብቻውን ግን አይበረክትም። ስለዚህ በአብዛኛው ጉበት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ (እስከ 13 ይቆጠራሉ፣ 6ኛው ግን የለም፤ ተማሪ እያለን ያምታታን ነበር) በመጨረሻ ፋይብሪኖጅን የተባለውን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጡታል። ክሩ እንደ መረብ ሆኖ ውታፉን አጥብቆ ይይዛል።

የአንዳንድ እፉኝቶች መርዝ ይህን ሥራ ቁስል በሌለበት፣ በመላ ሰውነት ያስነሳዋል። ፋይብሪኖጅኑ በከንቱ ያልቃል። ከዚያ ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ አንጎል ውስጥም ሊደማ ይችላል።

ይህን ለማወቅ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። 2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከደም ሥር ተቀድቶ አዲስና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይደረግና 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦው ዘንበል ይደረጋል፤ ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ የመርጋት አቅሙን ጨርሶታል ማለት ነው። ለምን መስታወት? መርጋትን የሚቀሰቅሰው የመስታወቱ ገጽ ስለሆነ ነው። ፕላስቲክ ወይም በሳሙና የታጠበ ቱቦ ጤነኛውን ሰው ሁሉ ሊያሳስት ይችላል!

ታዲያ የተነደፈ ሰው ሲገጥማችሁ አትብጡት፣ በገመድ ጥርቅም አድርጋችሁ አትሰሩት። ደሙ የማይረጋን ሰው በምላጭ መብጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለሕመሙ አስፕሪንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አትስጡት፤ ደም መፍሰሱን ያባብሳሉ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ተሸክማችሁ ውሰዱት። የመርዝ ማርከሻው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ የት እንዳለ እየሄዳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ደም ስለተሰጠው ብቻ ዳነ አትበሉ፤ መርዙ ካልተማረከ አዲሱንም ፋይብሪኖጅን ይበላዋል። ማርከሻው ከተሰጠ ጉበት መልሶ ያመርታል። ስለዚህ ከ6 ሰዓት በኋላ የቱቦው ምርመራ ይደገማል፤ አሁንም ካልረጋ ማርከሻው ይጨመራል።